ያይ «አይሆንም» ያሉ ቀን

ባለፈው ሳምንት ሞርስ ሮድ ላይ አንድ የታይላንድ ምግብ ቤት ያዘዝኩትን ምሳ ልወስድ ገባሁ። ወጥ ቤት ውስጥ አንዱ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ የጋለ ዘይት ላይ ሲጥል ቤቱ በአንድ ጊዜ ታጠነ። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ በሳል ተንፈራፈረ፤ ሒሳብ የምትቀበለዋ ልጅ እያስነጠሰች ይቅርታ ጠየቀችን። እኔ ግን ሳላስበው ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀምሬ ነበር። አንዱን ፈትቼ ወደ ሁለተኛው ስሄድ ነው የት እንዳለሁ ትዝ ያለኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። መልሼ አሰርኩና ምሳዬን ይዤ ወጣሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ብቻዬን ሳቅኩ። ያ ሽታ የጎረቤታችን የያይ ቤት ሽታ ነው፤ ያይ ቤት ደግሞ ጫማ አድርጎ የገባ ሰው የለም።

ነገሩ የሆነው ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ልጅ ሁሉ በላፕቶፕ በሚማርበት ጊዜ፣ በ2020 ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ነው። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ወንድሜ ናቲ አምስት ዓመቱ ነበር። አባታችን ከእኛ ጋር መኖር ካቆመ ቆይቷል። እናታችን ሪከንባከር የሚባል ሰፈር አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ሳጥን እያነሳች ትሠራለች፤ ሳይነጋ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። እኔ ራሴን እችላለሁ፤ መላ የጠፋው ለናቲ ነው። ኪንደርጋርተንን በላፕቶፕ የሚማር ልጅ ማለት መምህሯ ስታስተምር ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የሚተኛ ልጅ ማለት ነው። አትላንታ ያለችው አክስታችን በየቀኑ እየደወለች «ላኪልኝ፤ እኔ እንደሁ ቤት ነኝ፤ ከልጆቼ ጋር ያድጋል» ትላለች። ይህቺ «ያድጋል» የምትባለዋ ቃል እናቴን ታሳምማታለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ናቲን ይዛ እስኪጮህ ድረስ ታቅፈዋለች።

የቀረን አንድ ተስፋ ከእኛ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ብቻቸውን ናቸው፤ በራቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ አፉን ወደ ውጭ አዙሮ ተቀምጧል። እናቴ ዕቃቸውን ከመኪና እስከ በር አድርሳላቸው ታውቃለች፤ ከዚያ በላይ የምናውቀው ነገር የለም። ታይላንዳዊት መሆናቸውን እንኳ አላወቅንም። እናቴ «ቻይናዊቷ ሴትዮ» ነበር የምትላቸው፤ ይህንን እስካሁን ሳነሳባት ታፍራለች።

አንድ እሑድ በዓል የደረሰ ይመስል ልብስ አስለውጣን ሄደን በራቸውን አንኳኳን። ሲከፍቱ እናቴ በወጉ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። እሳቸውም ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። እኔ የሚጸልዩ መሰለኝ። ናቲ ጭራሽ ጮክ ብሎ «አሜን!» አለ። እናቴ ትከሻውን ቆነጠጠችው። አሮጊቷ ግን ሳቁ፣ እሱም ያስመሰገነው መስሎት ደገመው።

እንግሊዝኛቸው አጭርና ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው፤ የእናቴም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እኔ እዚህ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው የምጽፈው። ገና እንደተቀመጥን እናቴን «ስንት ዓመትሽ ነው?» አሏት። እናቴ ክው አለች። ሰው ቤት ገብታ በመጀመሪያው ደቂቃ ዕድሜዋን የጠየቃት የለም። «ሠላሳ ስድስት» አለች፣ ከንፈሯን ሳትከፍት በሚባል ድምፅ። አሮጊቷ ደስ አላቸው። «እንግዲያው ኖንግ ነሽ» አሏት፤ ታናሼ ማለታቸው ነው። እኛን ደግሞ «ያይ በሉኝ» አሉን፤ የእናት እናት ማለት ነው። እነሱ አገር የሰው ዕድሜ ካልታወቀ ሰውየው ምን ተብሎ እንደሚጠራ አይታወቅም። ጋሼ ይባል ወንድሜ ቸግሮን የምንንተባተበውን እነሱ ጠይቀው ይገላገሉታል። እናቴ ይሄ ሲገባት ቂሟን ተወችው፤ «ያይ» ብቻውን ግን ባዶ ሆኖባት «እትዬ ያይ» ትላቸው ጀመር።

ከዚያ ምግብ መጣ። ሩዝ፣ በበሶብላ የተጠበሰ ዶሮ፣ ዳርና ዳሩ ቡናማ የሆነ የእንቁላል ጥብስ። እናቴ «በልተን ነው የመጣነው» አለች። አልበላንም። ያይ ሳህኑን ትንሽ ወደ እኛ ገፋ አደረጉት። «ኧረ ጠግበናል፣ አይቸገሩ» አለች። ቀጥሎ የምትጠብቀው «በሞቴ» የሚባልበትን፣ እንግዳ ክብሩን ጠብቆ እጁን የሚታጠብበትን ደረጃ ነው። ያይ ግን ፈገግ ብለው ሳህኖቹን አንድ በአንድ አነሱና ወደ ጓዳ መለሷቸው። የናቲ ዓይን እንቁላሉን እስከ ጓዳ ሸኘው።

ቤት ስንገባ እናቴ ጦፋለች። «አንዴ እንኳን በሞቴ አይሉም? ሰው ደጅ የመጣን እንግዳ ጦሙን ይሸኛል?»

«ማሚ፣ ዩ ሴድ ኖ» አልኳት።

«ኖ ስል ኖ ነው እንዴ? አንቺ ደግሞ!»

በኋላ እንደሰማሁት በዚያኑ ሰዓት ያይም ከበሩ ወዲያ ተቀምጠው «ምግቤን ተጸየፉት» ብለው አዝነዋል። እነሱ ዘንድ እንግዳ አልፈልግም ካለ ደጋግሞ ማስጨነቅ ነውር ነው። ሁለቱም እንደ አገራቸው ወግ አንድም ነገር አላጠፉም፤ ሁለቱም ተቀያይመው አደሩ። ደግነቱ ከመውጣታችን በፊት የመጣንበትን ነግረናቸው ነበር፤ ያይም «ልጆቹን አምጪ» ብለዋል። ክፍያ የሚባል ነገር አልሰማም አሉ። እሳቸው ቫይረሱን ፈርተው ከቤት አይወጡም፤ እናቴ ከሥራ ስትመለስ አስቤዛቸውን ልትገዛላቸው ተስማሙ።

እንዲህ ነው የያይ ቤት ተማሪ የሆንኩት። ላፕቶፑ ላይ ስለ ፍራክሽን ይወራል፤ እኔ ግን ዓይኔ ያይ ላይ ነው። ያይ አንድም ቀን «እንዲህ አድርጊ» ብለውኝ አያውቁም። እኔ ስሳሳት እሳቸው ትክክሉን አጠገቤ ያደርጉታል። የበሩን ደፍ ረግጬ ስገባ እሳቸው ወጥተው እንደገና ይገባሉ፤ ደፉን ሳይነኩ ከፍ ብለው ተሻግረው። እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥ አጠገቤ መጥተው እግራቸውን ወደ ጎን አጥፈው ይቀመጣሉ። ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሴት ለእኔ ብለው ወለል ላይ ሲቀመጡና ጉልበታቸውን ይዘው ሲነሱ አይቼ እግሬን እስከ ዛሬ እሰበስባለሁ። እግር የሰው ዝቅተኛው ክፍል ነው፤ ወደ ሰው አይዞርም። ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ወዳለው መደርደሪያ፣ የቡድሃ ምስልና የባላቸው ፎቶ ወዳለበት ደግሞ ከቶ አይዞርም። ራስ ደግሞ ከፍተኛው ነው፤ የሰው ራስ አይነካም። እኔ ይህንን ሁሉ ከመረዳቴ በፊት እግሬ ይሸታል ማለታቸው መስሎኝ ለብዙ ቀን ካልሲ ደርቤ ሄጃለሁ።

ምግብ ላይ ቾፕስቲክ ስጠብቅ ማንኪያ ሰጡኝ። ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ፤ ሹካው ወደ ማንኪያው ይገፋል እንጂ ወደ አፍ አይሄድም። ሳህኖቹ መሀል ይቀመጣሉ፤ ከእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ ብቻ እየቀነሱ ሩዝ ላይ ማድረግ እንጂ ክምር አድርጎ መውሰድ ስግብግብነት ነው። ናቲ አንድ ቀን ሩዙን በእጁ ጠቅልሎ ተነሳና ያይን ሊያጎርሳቸው አፋቸው ላይ ደቀነባቸው። ኮሮና ነው፣ እጁን መታጠቡንም እንጃ። ያይ ወደ እኔ ተመለከቱ። «የምንወደውን ሰው እንዲህ ነው» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ።

ከሁሉ የገረመኝ ፈገግታቸው ነው። ሲደሰቱ ፈገግ ይላሉ፣ ሲያፍሩ ፈገግ ይላሉ፣ ሲከፋቸውም፣ መልሱን ሳያውቁትም። እኔ ልጅ ነበርኩና መጀመሪያ ላይ ሁሌም የተደሰቱ ይመስለኝ ነበር። እየቆየሁ ግን መለየት ቻልኩ፤ ዓይን ድረስ የሚደርሰውና አፍ ላይ የሚቀረው አንድ አይደለም። ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ «አይሆንም» ሲሉም ሰምቼ አላውቅም። የማይሆን ነገር ሲጠየቁ «እስኪ እናያለን» ይላሉ። አንድ ቀን ይህ ጠባይ በእነሱ ቋንቋ «ክሬንግ ጃይ» እንደሚባል ነገሩኝ። ሰው እንዳይከብደው፣ ሰው እንዳያፍር ብሎ ራስን መሰብሰብ ነው። እንግሊዝኛ ፈልገው አጡለት። እኔ «ይሉኝታ» ብዬ በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ወደዱትና እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ደጋገሙት። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ቆማ ሰማችኝ። «ለካ ሰው ናቸው እትዬ ያይ» አለች። ከዚያ ወዲህ አስቤዛቸውን ስታቀብል በቀኝ እጇ፣ የግራውን ከክርኗ ሥር ደግፋ ነው፤ ያይ ደግሞ በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ። ሁለቱን በር ላይ ቆሜ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ማንም ሳያስተምራቸው የተማሩ ይመስላሉ።

ኅዳር ላይ የሚከበረው የምስጋና ቀን ሲቃረብ የናቲ መምህርት ልጆቹን የወረቀት ዘውድ አሠራቻቸው። ናቲ ወርቃማ ቀለም ቀብቶ ጨረሰና ተነሳ። ያይ ወለል ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። እኔ ላፕቶፑ ላይ ስሜ ተጠርቶ መልስ እየሰጠሁ ነው፤ ቀና ስል ናቲ ከኋላቸው ቆሞ ዘውዱን ራሳቸው ላይ እየጫነ ነው። ወርዶ እንዳይወድቅ መዳፉን አናታቸው ላይ አድርጎ ተጫነው። ያይ ደርቀው ቀሩ። ቢላዋው መላጡን አቆመ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ይህኛው ፈገግታ ግን ከለየኋቸው ውስጥ የለም።

በማግስቱ እናቴ ልትወስደን ስትመጣ ያይ በር ላይ «ዓርብ ልጄ ከቺካጎ ትመጣለች። ትንሽ ትቆያለች። ቤቱ ጠባብ ነው» አሏት። እናቴ «ገባኝ እትዬ ያይ፣ ምንም አይደል» ብላ ተሰናበተች። ቤት ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ምን አድርጋችሁባቸው ነው?»

የዘውዱን ነገር ነገርኳት። ራስ እንደማይነካ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሰው 'እንግዳ መጣብኝ፣ ቤቴ ጠባብ ነው' ካለ ሌላ ምን ይበል? ጨዋ ስለሆኑ ነው ፊት ለፊት ያልነገሩን።» ናቲ ከጎኗ ሆኖ «አይ ጀስት ሜድ ኸር ኪንግ» አለ፤ ንጉሥ ነው ያደረግኳቸው ማለቱ ነው።

ልጃቸው በእርግጥ መጣች፤ ሻንጣ ስትጎትት በመስኮት አይተናታል። እናቴ ግን «እሱማ ምክንያት አይጠፋም» አለች። አስቤዛውን መግዛቱን አላቋረጠችም፤ በር ላይ ታስቀምጥና ሳታንኳኳ ትመለሳለች፣ እንዳታሳፍራቸው። እኛንም በኮሪደሩ ላይ ድምፅ እንዳናሰማ ታስጠነቅቀናለች። ልጅቷ ተመልሳ ከሄደች በኋላም እንደዚያው ቀጠልን። እናቴ ናቲን ለመጠበቅ ከሥራ መቅረት ጀመረች። አለቃዋ ደውሎ ሲያናግራት ፊቷን እያየሁ ነበር፤ «የስ ሰር» ብቻ ነው የምትለው። ስትዘጋው አትላንታ ደወለች። አክስታችን ቅዳሜ መጥታ ናቲን ልትወስደው ተነጋገሩ። «ለትንሽ ጊዜ ነው» አለችን እናቴ። ልብሱን ስታጥፍ ግን በሚቀጥለው ዓመት በጋ የሚለብሰውንም ጭምር አጠፈችው። ናቲ ሻንጣው ውስጥ ገብቶ እየተጫወተ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቴ ልብስ ልታጥብ ወደ ታች ስትወርድ ወጥቼ የያይን በር አንኳኳሁ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ አፉን ወደ ውጭ አዞርኩት። ደፉን ተሻገርኩ። መዳፎቼን ገጥሜ የአውራ ጣቶቼ ጫፍ አፍንጫዬን እስኪነካ ራሴን ዝቅ አደረግኩ፤ ለትልቅ ሰው እንደዚያ ነው። እግሬን አጥፌ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ቀጥሎ የምናገረው ነገር ነውር እንደሆነ ስለማውቅ ነው። በእኛም በእነሱም ልጅ ትልቅን ሰው «ለምን ጠሉን?» ብሎ አይጠይቅም። ደግሞ በእንግሊዝኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ «ዩ» ስላቸው ራቁቴን የቆምኩ ያህል አፈርኩ።

«ናቲ ራስዎን ስለነካ ተቆጥተውናል? እባክዎን አይቆጡት። ነገ ወደ አትላንታ ሊወስዱት ነው።»

እኔ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ዓይኔን ወደ ላይ አነሳሁ፤ የናቲ የወረቀት ዘውድ መደርደሪያው ላይ፣ ከባላቸው ፎቶ ጎን ተቀምጧል። የማየውን አዩ። «ራስ ላይ የተቀመጠ ነገር ታች አይቀመጥም» አሉ። ቀጥለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «እናትሽ እናንተን የሚጠብቅ ሌላ ጥሩ ሰው አላገኘችም?»

«ማንንም አላገኘችም።»

«እኔ ያገኘች መስሎኝ ነው። ለዚህ ነው የማታንኳኳው ብዬ። መጠየቅ ማስጨነቅ ይሆንባታል ብዬ ተውኩት።»

ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ሲወጡ ፀጉራቸው ተበጥሯል፤ ሐምራዊ የሐር ሸሚዝ ለብሰው፣ ማስካቸውን አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ብርቱካን የተደረደረበት ሳህን ይዘዋል። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ኮሪደሩ አምስት እርምጃ አይሆንም፤ እሳቸው ግን አገር አቋርጠው የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት።

እናቴ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በደረጃው ስትመጣ በራችን ላይ አገኘቻቸው። ልብሱን የት እንደምታደርገው ጠፋት። «እትዬ ያይ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ቤቱም እንዲህ ተዝረክርኮ...» ያይ ጫማቸውን አወለቁ፣ ገቡ። ሻንጣው በሩ አጠገብ ቆሟል። እናቴ ሻይ ላፍላ ትላለች፣ ይቀመጡ ትላለች፣ አልቀመጥም ሲሉ በሞቴ ትላለች፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ያይ ብርቱካኑን ሰጧትና ሻንጣውን አዩት።

«ልጁ የት ይሄዳል?»

«እህቴ ጋ ነው። ለትንሽ ጊዜ። እርስዎንም በጣም አስቸግረናል፣ ደክመውልናል፤ ደግሞ ልጅዎ...» እናቴ ይህንን ስትል ፈገግ ብላ ነበር። የእናቴ ፈገግታ አፏ ላይ የሚቀረው ዓይነት ነበር፣ ያይ ደግሞ ያንን ዓይነቱን ከማንም በላይ ያውቁታል።

«ልጄ የመጣችው ልጄ ስለሆነች ነው» አሉ ያይ። «ሄደች።» ከዚያ ድምፃቸው ሳይጨምር፣ ሳይለዝብም፣ «ኖ» አሉ። «ኖ። አይሆንም። ልጅ ከእናቱ አይሄድም። ሰኞ አምጪው።»

እናቴ ብርቱካኑን እንደያዘች ናት። ሰባ ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ከአፋቸው ላለማውጣት የኖሩ ሴት እኛ ቤት ውስጥ፣ በእኛ ፊት አወጡት፤ ለመናገሩ ምን ያህል እንደከበዳቸው ጆሯቸው ድረስ መቅላታቸውን አይቼ አወቅኩ። እናቴ መዳፍ መግጠም ለፈጣሪ ብቻ ነው ባይ ናት። ሳህኑን አስቀመጠች፣ እጆቿን ገጠመች፣ ግንባሯ ጣቶቿን እስኪነካ ዝቅ አለች፣ እዚያው እንዳቀረቀረች አለቀሰች። ያይ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ። በዚያ ዓመት ሰው ሰውን አይነካም ነበር።

ወዲያው ለአክስቴ ኮል አደረገች። «ናቲ አይመጣም» ብላ በግልጽ ተናገረች፤ ከዚያ ግን ለዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ረጅም ይቅርታ ጠየቀች።

በረዶው በከባዱ በጣለበት ወር ያይ ቤት ሩዝ ስንበላ የናቲ የታችኛው የፊት ጥርስ ወለቀ። ደሙን ሲያይ ሊያለቅስ አሰበና ጥርሱን መዳፉ ላይ ሲያየው ተወው። መምህርቷ በላፕቶፑ «ትራስህ ሥር አድርገው፤ ሌሊት ሳንቲም ይተካልሃል» አለችው። እናቴ የሥራ ሰደርያዋን እንደለበሰች ደረሰችና «ምን ትራስ? ጣሪያ ላይ ነው የሚወረወረው!» አለች። ያይም ከምድጃው ዞር ብለው በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ፤ እነሱም አገር የታችኛው ጥርስ ጣሪያ ላይ ነው። አራታችንም ወደ ፓርኪንጉ ወረድን። የእኛ ሕንጻ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ያይ ወረወሩ፤ ሁለተኛው ፎቅ ጋ ደርሶ ወደቀ። ከበረዶው ውስጥ በእጃችን እየዳበስን ፈልገን አገኘነው። እኔ ወረወርኩ፣ ውሃ መውረጃውን መትቶ ተመለሰ። በመጨረሻ እናቴ ጓንቷን አወለቀች። ቀኑን ሙሉ ሳጥን ሲያነሳ በዋለ ክንዷ ወረወረችው፤ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም።

ናቲ በተሸረፈ አፉ ጮኸ፣ ያይ አጨበጨቡ። እናቴ ግን ጣሪያውን እያየች ቆማ ቀረች። «ኑ እንግባ፣ ብርድ ነው» አልኳት። «ይሄኔ አትላንታ ሆኖ ቢሆን በስልክ ነበር ያሳዩኝ» አለች፤ ናቲን ከበረዶው ላይ አነሣችውና፣ ለመታቀፍ ትልቅ ቢሆንባትም፣ እስከ ላይ ድረስ ተሸክማው ወጣች።